የድሮ የቢሮ ልብስን የራስ ማድረግ፦ ከቅድ ምርጫ እስከ መስቀያው

የድሮ ዘመን ኮት ለብሶ ቢሮ የሚገባ ሰው ከሁለት አንዱን ይመስላል፤ ወይ ልብሱ በልኩ የተሰፋለት፣ ወይ ከተውኔት መድረክ ወርዶ የመጣ። ልዩነቱን የሚያመጣው የልብሱ ዕድሜም የጨርቁ ውድነትም አይደለም፤ ቅዱና ልኩ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ የምንለው ስለ ትከሻ፣ ስለ ወገብና ስለ ስፌት ነው፤ ስለ ጌጣጌጥ ጥቂት ይበቃል። «የድሮ» የምንለው በግምት ከ1940ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ የተሰፋውን ሲሆን፣ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ዘመን ሳይሆን ቅድ ይምረጡ

ብዙ ሰው «የ1950ዎቹ ልብስ ደስ ይለኛል» ብሎ ይጀምራል። ይህ ግን ብዙም አያስኬድም። በዚያው አሥር ዓመት ወገቡ ጥብቅ ብሎ ከታች የሚሰፋ ቀሚስም፣ ዳሌ ላይ የሚይዝ ቀጭን ጉርድም፣ ወገብ የሌለው አጭር ጃኬትም ተሰፍቷል። ሦስቱም ለአንድ ሰው እኩል አያምሩም። መመለስ ያለበት ጥያቄ ልብሱ የት እንዲይዝ፣ የት እንዲለቅና የት እንዲያልቅ ይፈልጋሉ የሚለው ነው።

መልሱ ቁም ሣጥንዎ ውስጥ አለ። ለሥራ ደጋግመው የሚለብሷቸውን ሦስት ልብሶች አውጥተው አልጋ ላይ ይዘርጉ። በጣም የሚወዷቸውን ሳይሆን በጣም የሚለብሷቸውን ይሁን፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የትከሻው ስፌት የት ያርፋል? ወገቡ እምብርት ላይ ነው ወይስ ከዚያ በታች? ጠርዙ ከጉልበት በላይ ነው ወይስ በታች? በሦስቱም ላይ የሚደጋገመውን ይጻፉ። የእርስዎ ቅድ እሱ ነው፤ ከዚህ በኋላ ከየትኛውም ዘመን ቢሆን የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዘመናቱ እንምጣ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጨርቅ አሳጥሮ ነበር። በ1942 አሜሪካ ኤል-85 በተባለው ትዕዛዝ የሴቶችን ጃኬት ርዝመትና የጉርድን ስፋት ወሰነች፤ ብሪታንያም በዚያው ዓመት ለወንዶች የሱሪ እግር ቅልብስንና ድርብ ደረት (ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው) ኮትን ከለከለች። ከዚያ ዘመን የተረፉ የሁለቱ አገሮች ጃኬቶች አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ኪሳቸው ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው። ትከሻቸው ጠባብ ለሆነ ያምራሉ፤ አካላቸው ከወገብ በላይ ረዘም ላለ ሰዎች ግን ያጥሩባቸዋል።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 የፈረንሳዩ የልብስ ዲዛይነር ክርስቲያን ዲዮር ባሳየው ስብስብ ትከሻው ክብ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጉርዱ ረጅምና ሰፊ ሆነ። ሰፊው ጉርድ ለቢሮ ወንበር አይመችም። ለሥራ የሚጠቅመው ወገብ ላይ ገብቶ ዳሌ ላይ ትንሽ የሚዘረጋው ጃኬትና አብሮት የሚለበሰው ቀጭን ጉርድ ነው። ሌላዋ የፈረንሳይ ዲዛይነር ኮኮ ሻኔል በ1954 ወደ ሥራ ስትመለስ ያመጣችው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ኮሌታ የሌለው፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ አጭር ጃኬት። ወገባቸው ጎላ ብሎ ለማይታይ ሰዎች ከዚህ የሚሻል የለም። በእነዚያ ጃኬቶች የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ይሰፋ ነበር፤ ክብደቱ ጃኬቱ ወደ ላይ እንዳይሰበሰብ ይይዘዋል። ዘዴው ዛሬም ይሠራል፤ የሚነሳ ጠርዝ ያለው ጃኬት ካለዎት በገበሩ በኩል ቀጭን ሰንሰለት በእጅ ያሰፉበት።

1970ዎቹ ሰፊ ኮሌታ፣ ከፍ ያለ ወገብ፣ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪና ሰደርያ ናቸው። ዲዛይነሩ ኢቭ ሳን ሎራን በ1966 ለሴት የሰፋው ጥቁር የምሽት ሱፍ መንገዱን ከፍቶ፣ የሴቶች ሱፍ ሱሪና ኮት በብዛት ወደ ቢሮ የገባው በዚህ ዘመን ነው። የዘመኑ ችግር ጨርቁ ነው፤ አብዛኛው ወፍራም ሹራብ መሰል ፖሊስተር ስለሆነ አየር አያስገባም፣ የላብ ሽታም ይዞ ይቀራል። 1980ዎቹ በአንድ በኩል ትከሻውን አገዘፉት፤ በሌላ በኩል ጣሊያናዊው ዲዛይነር ጆርጆ አርማኒ ደረቱን የሚያቆመውን የውስጥ ሸራና የትከሻውን ስፖንጅ አውጥቶ ጃኬቱን አለሰለሰው። ለጀማሪ የምንመክረው የ1980ዎቹን ነው። በብዛት ይገኛል፣ ጨርቁ ገና ጠንካራ ነው፣ ሰፊ ስለሆነም ልብስ ሰፊው የሚያጠብበው አያጣም። ማጥበብ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ማስፋት ግን ውስጡ በተረፈው ጨርቅ ይወሰናል።

2. ሰውነትዎን ሳይሆን ልብስዎን ይለኩ

በድሮ ልብስ ላይ የተጻፈ የልክ ቁጥር አይታመን። ባለፉት አሠርት ዓመታት ፋብሪካዎች ለሰፊ ልብስ አነስተኛ ቁጥር እየሰጡ ስለመጡ፣ የድሮ ሴት ልብስ ላይ ያለው 14 ከዛሬው 14 በጣም ይጠብባል። በቁጥር ሳይሆን በሳንቲሜትር ይግዙ።

በጣም የሚስማማዎትን ኮት፣ ሱሪና ጉርድ ጠረጴዛ ላይ ሳይወጥሩ ዘርግተው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩና በወረቀት ይያዙ።

ለኮት፦ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት በጀርባ በኩል፤ ከብብት እስከ ብብት (እጥፍ ሲያደርጉት የደረቱ ዙሪያ ይሆናል)፤ በጠባቡ ቦታ ወገቡ፤ ከኮሌታው ሥር እስከ ታችኛው ጠርዝ ጀርባው፤ ከትከሻ ስፌት እስከ እጅጌው ጫፍ።

ለጉርድ፦ ወገብ፣ ከወገብ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ዳሌ፣ ርዝመት።

ለሱሪ፦ ወገብ፣ ሁለቱ እግሮች ከሚገናኙበት ስፌት እስከ ላይኛው ጠርዝ ፊት ለፊት ያለው ከፍታ፣ ጭን፣ የውስጥ እግር ርዝመት፣ የእግር ጫፍ ስፋት። የሱሪውን ከፍታ የሚለካ ሰው ጥቂት ነው፤ የድሮ ሱሪን ከዘመኑ ሱሪ የሚለየው ግን ዋናው እሱ ነው። የድሮው ብዙ ጊዜ ከ28 እስከ 32 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ እምብርት ላይ እንዲቀመጥ የተቀደደ ስለሆነ ወደ ዳሌ ቢያወርዱት መቀመጫው ይንጠለጠላል።

የሚገዙትን ሲያነጻጽሩ ትከሻው ከእርስዎ ኮት ቢበዛ በ1 ሳንቲሜትር ይለይ። ደረቱ እስከ 4 ሳንቲሜትር ቢሰፋ አያስጨንቅም፤ ቢጠብብ ግን ይተዉት። መለኪያ የሚሆን ኮት ከሌለዎት የራስዎን የደረት ዙሪያ ለክተው ከ8 እስከ 12 ሳንቲሜትር ይጨምሩ። ለጉርድ ወገብ 2፣ ለዳሌ 5 ሳንቲሜትር ትርፍ ካልኖረ መቀመጥ ያስቸግራል፤ ከኋላ ያለው ስፌትም ይተረተራል።

3. ሲገዙ የሚመረመር

ልብሱን ወደ መስኮት ወስደው በብርሃን አንጻር ያንሱት። ብል የበላው ቀዳዳ ጠረጴዛ ላይ አይታይም፤ ብርሃን ሲያልፍበት እንደ መርፌ ጫፍ ብልጭ ይላል። አንድ ሁለት ቀዳዳ በእጅ ስፌት ይደፈናል። በኮሌታው ሥር፣ በእጅጌው ውስጥና በኪሱ ክዳን ሥር ከበዛ ግን ሱፉ በብዙ ቦታ ሳስቷል ማለት ነው፤ ዛሬ ደህና የሚመስለውም በመጀመሪያው ካውያ ይከፈታል።

ቀጥሎ ብብቱን ያዩ። ገበሩ ብቻ የወየበ ከሆነ ገበሩ ይቀየራል። ዋናው ጨርቅ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ሲነካ ደርቆ ከተንኮሻኮሸ ላቡ ክሩን በልቶታል፤ እጥበት አያድነውም። እንዲህ ያለውን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ባይገዙት ይሻላል።

ከዚያ የኮቱን ፊት ከቁልፉ በታች በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ሁለቱን ጨርቆች ይለያዩ። በመካከል ሦስተኛ፣ ልቅ የሆነ ጨርቅ በጣትዎ ከተሰማዎት ውስጡ በመርፌ የተያዘ ሸራ ነው፤ ዕድሜ ይሰጣል። ካልተሰማዎት ሸራው በሙጫ ተለጥፏል። በሙጫ የተለጠፈ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ሙጫው ሲለቅ ግን በደረቱ ላይ እንደ ውኃ ፊኛ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ይታያሉ፤ ለእነሱ ዘላቂ መድኃኒት የለም። ካውያ ለአንድ ቀን ቢያስተኛቸው በሚቀጥለው ተመልሰው ይነሳሉ።

የትከሻውን ስፖንጅ ጫን ብለው ይልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰ ወይም ከገበሩ ሥር አሸዋ መሰል ነገር ከተንኮሻኮሸ ስፖንጁ ፈርሷል። ይህ የ1980ዎቹ ልብስ የተለመደ ችግር ስለሆነ ከመግዛት አያግድዎ፤ መቀየሩ ቀላል ነው። ቢጫው ዱቄት ጨርቁ ውስጥ እንዳይበተን ግን ከማሳጠብዎ በፊት ያስወጡት።

ዚፑን ሦስቴ ከፍተው ይዝጉ። የብረት ዚፕ ቢጠነክር የሻማ ሰም ወይም የእርሳስ ጫፍ ጥርሱ ላይ ማሸት ይበቃዋል፤ ጥርስ የጎደለው ግን ይቀየራል። በጀርባው መካከለኛ ስፌት በኩል በሁለት እጅ ቀስ ብለው ወደ ጎን ይሳቡት። ክሩ ብቻ ከተበጠሰ ይሰፋል፤ ጨርቁ ከስፌቱ ዳር ከተላቀቀ ማንም አይሰፋውም። የሐር ገበርና የሐር ሸሚዝ በእጥፋቱ መስመር ላይ ከተሰነጠቁም እንደዚያው ነው።

ጫማና ቦርሳ ሌላ ጉዳይ ነው። ፖሊዩሪቴን ከተባለ ላስቲክ መሰል ነገር የተሠራ ሶል ያለው የድሮ ጫማ ዓመታት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አዲስ ቢመስልም፣ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይሰብረዋል። ለብሰውት ሲወጡ በመንገድ ላይ እየተፈረፈረ ይቀራል። በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ብለው ይፈትኑት፤ ምልክቱ ከቀረ ይተዉት። በቆዳ ሶል የተሠራውን ጫማ ሠሪ በቀላሉ ያድሰዋል።

ዕድሜውን ማወቅ ለሚፈልግ ጥቂት ምልክቶች አሉ፤ ለአለባበሱ ግን ወሳኝ አይደሉም። ዉልማርክ የተባለው የሱፍ ጥቅል ምልክት የወጣው በ1964 ስለሆነ ያለበት ልብስ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። በአሜሪካ ልብስ ላይ በቋሚነት የተሰፋ የአጠባበቅ መመሪያ ግዴታ የሆነው በ1972 ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሰፋ ልብስ ዚፕ በአብዛኛው ብረት ነው፤ በሴቶች ቀሚስም ብዙ ጊዜ ከጎን ይሆናል። ዚፕ ግን ይቀየራል፤ በእሱ ብቻ አይፍረዱ።

4. ጨርቁን ሳያውቁ ውኃ አያስነኩት

መለያ ጽሑፉ ከጠፋ ከውስጥ እጥፋቱ ጥቂት ክር መዘው በመቆንጠጫ ይዘው፣ ውኃ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ያቃጥሉት። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፤ እሳቱ ራሱ ይጠፋል፤ አመዱም በጣት ይፈጫል። ጥጥ፣ ሊነንና ሬዮን እንደ ወረቀት ይነዳሉ። ፖሊስተርና ናይለን ቀልጠው ጠንካራ ጠብታ ይሆናሉ።

ውስጡ ሸራና ስፖንጅ ያለበት ኮት በምንም መንገድ በውኃ አይታጠብም። ውጩ፣ ሸራውና ገበሩ የሚሸበሸቡት በተለያየ መጠን ስለሆነ አንዴ ከታጠበ ደረቱ ይጠማዘዛል። ወደ ደረቅ እጥበት ይስጡት፤ ከመስጠትዎ በፊት የብረትና የቆዳ ቁልፎችን ያውልቁ። የ1940ዎቹ ሬዮን ክሬፕ (ገጹ የተጨማደደ ቀጭን ጨርቅ) ደግሞ ውኃ ሲነካው በዓይን ፊት ያጥራል፤ ርጥብ ሆኖም አቅም ስለሌለው በራሱ ክብደት ይቀደዳል።

ገበር የሌለው የሱፍ ጉርድ ወይም ሹራብ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽ፣ ጫን ጫን ተደርጎ ይታጠባል። ሱፍን የሚያጨማትረው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ መታሸቱና ከሞቀ ወደ ቀዘቀዘ ውኃ በድንገት መግባቱ ነው። በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ያስመጥጡና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተው ያድርቁ።

ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ኮሌታው ከወየበ በ4 ሊትር 40 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ በኦክስጅን የሚሠራ ማንጫ በጥብጠው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉት። በረኪና አያድርጉ፤ የላብን ወይብ ያባብሰዋል እንጂ አያነጣውም። ሱፍና ሐርን ደግሞ ጭራሹን ያሟሟል። ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ይጠንቀቁ፤ ውስጡ ያለው አሴቶን አሴቴት ከተባለ ሰው ሠራሽ ክር በተሠራ ገበር ላይ አንዴ ከነጠበ ቀዳዳ ነው።

ለቆየ ሽታ መጀመሪያ አየር ነው፤ ልብሱን ገልብጠው በጥላ ቦታ 2 እና 3 ቀን ይስቀሉት። ካልለቀቀ ሽታ አልባ ቮድካ በመርጫ ጠርሙስ አድርገው ብብቱ ላይ በገበሩ በኩል ረጨት ያድርጉና ያናፍሱት። አስቀድመው በማይታይ ስፌት ላይ ይሞክሩ። ሽቶ መንፋት ግን ሁለት ሽታ ከማድረግ በቀር ትርፍ የለውም።

የብል ጥርጣሬ ያለበትን የሱፍ ልብስ ከሌላው ጋር ከመቀላቀልዎ በፊት በላስቲክ ከረጢት አሽገው፣ አየሩን አስወጥተው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ወዲያው አይክፈቱ፤ ከረጢቱ እንደተዘጋ 24 ሰዓት ይቆይ፤ አለበለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ያርፋል።

5. ልብስ ሰፊ ጋር

የድሮ ልብስ የእርስዎ የሚሆነው እዚህ ነው። ለግዢው ካወጡት በላይ ለስፌት ቢያወጡ አይቆጭዎት፤ ብዙ ሰው ያሳምራል ብሎ የሚገዛቸው ሦስት ኮቶች በልክ የተስተካከለውን አንድ አይተኩም።

ከኮቱ ጋር የሚለብሱትን ሸሚዝና ጫማ ይዘው ይሂዱ። ባዶ እግር የተለካ የሱሪ ርዝመት ሁሌም ይሳሳታል። ልብስ ሰፊው ከመቁረጡ በፊት በእስፒል ወይም በልል ስፌት ይዞ እንዲያስለካዎት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተረፈውን ጨርቅ ቆርጦ እንዳይጥል በግልጽ ይንገሩት። የሚጠበበው ዛሬ ነው፤ ነገ ማስፋት ቢያስፈልግ ያው ትርፍ ብቻ ነው ያለው።

የኮት ወገብ በጎንና በጀርባ ስፌት በድምሩ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይጠባል። ከዚያ ካለፈ የጎን ኪሶቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ የጀርባው ክፍትም አፉን ይከፍታል።

ትከሻ ውድና አስቸጋሪ ነው። እጅጌው ወጥቶ በእያንዳንዱ ጎን ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲሜትር ማጥበብ ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈውን ጥሩ ልብስ ሰፊ ራሱ እምቢ ይልዎታል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን ማጥበብ ሳይሆን ስፖንጁን መቀየር ነው። 2.5 ሳንቲሜትር የሚሆነውን የ1980ዎቹን ስፖንጅ ከ0.6 እስከ 1 ሳንቲሜትር በሚሆን የጥጥ ትከሻ ያስተኩት። ጭራሽ ማውጣት ስህተት ነው። ኮቱ ለስፖንጅ ተብሎ የተቀደደ ስለሆነ የተሞላው ቦታ ሲጎድል ትርፉ ጨርቅ ወደ ታች ወርዶ ከኮሌታው አጠገብና በእጅጌው አናት ላይ ይጨማደዳል። ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ከተቀነሰ እጅጌውም ትንሽ ከፍ ተደርጎ እንዲሰፋ ይጠይቁ።

እጅጌ የሚያጥረው ከታች ነው፤ የእጅጌው ቁልፍ ቀዳዳ በእውነት የተቀደደ ከሆነ ግን ከላይ፣ ከትከሻው በኩል፣ ይሠራል፤ ሥራውም ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ለማርዘም ውስጥ የታጠፈውን ይመልከቱ፤ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ካለ ይወርዳል። አሮጌው የእጥፋት መስመር ግን ጉዳይ ነው። መስመሩ በመታጠፍ ብቻ የመጣ ከሆነ ነጭ ኮምጣጤና ውኃ እኩል ደባልቀው ጨርቅ ነክረው፣ ጨርቁን ደርበው በእንፋሎት ካውያ ቢተኩሱት ይጠፋል። መስመሩ ላይ ቀለሙ የለቀቀ ከሆነ አይጠፋም፤ ያኔ ማርዘሙን ይተዉት ወይም ጠርዙን በጥልፍ ፈትል ወይም በጥብጣብ ያስሸፍኑት።

የወንድ ሱሪ ከኋላ መካከለኛ ስፌት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ለማስፊያ የተተወ ጨርቅ አለው። የ1970ዎቹን ሰፊ እግር ማጥበብ የሚፈልግ ከጉልበት ወደ ታች ከሁለቱም ጎን እኩል ያስጠብብ፤ ከአንድ ጎን ብቻ ከተጠበበ የካውያው መስመር ወደ ጎን ይጠማዘዛል።

ክር ላይም ይጠንቀቁ። ለሳሳ የድሮ ጥጥና ሐር ጠንካራ የፖሊስተር ክር አይሁን። ስፌቱ ሲወጠር መበጠስ ያለበት ክሩ ነው፤ ክሩ ከጨርቁ ከጠነከረ የሚቀደደው ጨርቁ ይሆናል። ለሐር 60 ወይም 70 ቁጥር፣ ለሱፍ ኮት 80 ወይም 90 ቁጥር መርፌ ይበቃል።

በጣም ርካሹ ለውጥ ቁልፍ ነው። የ1980ዎቹ ወርቃማ የላስቲክ ቁልፍ በቀንድ ወይም በሰደፍ ቢተካ ኮቱ ሌላ ይሆናል፤ ለፊት 20፣ ለእጅጌ 15 ሚሊሜትር የሚሆነውን ይፈልጉ። እውነተኛ ሰደፍ ከንፈር ላይ ሲያስነኩት ይቀዘቅዛል፤ ላስቲክ አይቀዘቅዝም። የተነሱትን ቁልፎች አይጣሉ።

6. አንድ የድሮ ልብስ ይምራ፣ ሌላው ይከተል

ልብስ ተውኔት የሚመስለው ፀጉሩ፣ ጫማው፣ ቦርሳው፣ ኮቱና ከንፈር ቀለሙ ሁሉ የአንድ ዘመን ሲሆኑ ነው። ለቢሮ አንድ ጎላ ያለ የድሮ ልብስ ይበቃል፤ የቀረው ልሙጥና የዛሬ ይሁን። የ1940ዎቹን ጃኬት ከዛሬ ቀጥ ያለ ሱሪና ከልሙጥ ጫማ ጋር የለበሰች ሴት ኮቷ ይታያል። ያንኑ ጃኬት ከዘመኑ ባርኔጣና ጓንት ጋር ብትለብሰው ዘመኑ ይታያል፤ እሷ አትታይም።

ከፍታ ከከፍታ ጋር ይገጥም። አጭር የድሮ ጃኬትና አጭር ሰደርያ የተቀደዱት እምብርት ላይ ለሚቀመጥ ሱሪ ነው፤ ዳሌ ላይ በሚቀመጥ ሱሪ ቢለበሱ ከመካከል ሸሚዙ ጎልቶ ይወጣል። የከረባትም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ከረባቶች ከዛሬዎቹ ያጥራሉ፤ ሱሪው ከፍ ስለሚል ረጅም አያስፈልግም ነበር። አጭሩን ከረባት የሚያስር ሰው ከፍ ያለ ሱሪ ይልበስ ወይም በሰደርያ ይሸፍነው፤ ቋጠሮውም ቀላሉና ትንሹ ይሁን።

የከረባቱ ወርድ ከኮቱ የደረት እጥፋት (ከኮሌታው ሥር ወደ ውጭ ከሚታጠፈው) ጋር ይቀራረብ፤ ልዩነታቸው ከ1 ሳንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። የ1960ዎቹ መጀመሪያ 5 ሳንቲሜትር ከረባት በ1970ዎቹ 10 ሳንቲሜትር እጥፋት መካከል ክር ይመስላል። ትከሻው የቆመ ኮት ከታች ቀጭን ነገር ይፈልጋል። ከታችም ሰፊ ከሆነ ሰውየው ሣጥን ይሆናል።

የድሮ ጥቁርን ከአዲስ ጥቁር ጋር አያጣምሩ። የድሮው ቀለም እየለቀቀ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ፣ በቢሮ መብራት አይገጣጠሙም፤ ሰውም በስህተት የተጣመረ ሱፍ ይመስለዋል። ሆን ብሎ የተለየ ነገር ማድረግ ይሻላል፤ ጥቁር ኮት ከከሰል ግራጫ ሱሪ፣ ለስላሳ ጨርቅ ከሻካራ ጨርቅ። በቪዲዮ ስብሰባ የሚውሉ ከሆነ ትንንሽ ዳማና ጠባብ መስመር ያለበትን ኮት ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ በካሜራ ላይ ይርገበገባል።

የራስዎ መለያ የሚሆን አንድ ምልክት መርጠው ይደጋግሙት። በግራ ደረት ላይ የሚሰካ ጌጥ፣ በአንገት ላይ የሚታሰር የሸሚዝ ኮሌታ፣ ሁልጊዜ ሰደርያ፣ የሆነ አንድ ቀለም፤ ማንኛውም ይሆናል። ሁለት ሳምንት ደጋግመው ካላስረሳዎት፣ ጠዋት ጠዋት እያስታወሱ የሚያደርጉት ከሆነ፣ የእርስዎ አይደለምና ሌላ ይሞክሩ። ከባድ የደረት ጌጥ ቀጭን ሐርን ስለሚቀድ ከውስጥ በኩል ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ደርበው ይስኩት።

የመሥሪያ ቤቱ የአለባበስ ደንብ ጥብቅ ከሆነ ኮቱን የዛሬ አድርገው ድሮነቱን በሸሚዝ፣ በቁልፍ፣ በሰዓትና በቀበቶ ያስገቡት።

7. ከመውጣትዎ በፊት ይፈትኑ

ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ለብሰው ይሥሩበት። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉርዱ ስንት ጣት ወደ ላይ እንደሚወጣ ይዩ። ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ይጻፉ፤ ጀርባው ከወጠረ በስብሰባ መካከል ይተረተራል። ደረጃ ይውጡ፤ የቀጭን ጉርድ ክፍት አናት ላይ ውስጥ በኩል ትንሽ ጥብጣብ ካልተሰፋበት የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። የድሮ ኮት የብብት ቀዳዳ ከዛሬው ጠበብና ከፍ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ይቆነጥጣል፤ እጅ ሲነሳ ግን ኮቱ አብሮ ስለማይነሳ ከለመዱት በኋላ የዛሬው ነው የሚያስቸግርዎ። መጀመሪያ የሚለብሱትም እንግዳ በማይመጣበት ቀን ይሁን። ቀኑን ሙሉ ደጋግመው የሚጎትቱትና የሚያስተካክሉት ቦታ ካለ ወደ ልብስ ሰፊው ተመልሶ ይሂድ።

8. አቀማመጥ

የሱፍ ኮት በተከታታይ ቀን አይለበስም፤ ከለበሱት በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ተሰቅሎ ይረፍ፤ የክርኑና የጀርባው ጭምዳድ አብዛኛው በራሱ ይለቃል። ኪሱን ባዶ አድርገው፣ ከላይ ወደ ታች በልብስ ብሩሽ ጠርገው፣ ጫፉ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ወርድ ባለው የእንጨት መስቀያ ይስቀሉት። ቀጭን የሽቦ መስቀያ ትከሻው ላይ ጉብታ ያወጣል፤ ርጥበት ካገኘውም ዝገት ያስተላልፋል። ሹራብና በሰያፍ የተቀደደ ቀሚስ አይሰቀሉም፤ ይታጠፋሉ።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን በላስቲክ ሳይሆን በጥጥ ከረጢት ያልብሱት። ደረቅ እጥበት ያመጣበትን ላስቲክ ወዲያው ያውጡት። ናፍታሊን ብልን ያርቃል፤ ሽታው ግን ከኮቱ ቀድሞ ቢሮ ይገባል፤ ለማስለቀቅም ሳምንታት ይፈጃል። የብል ትል የሚወደው ላብና የምግብ ነጠብጣብ የነካውን ሱፍ ስለሆነ ትልቁ መከላከያ ልብሱን ሳይታጠብ አለማስቀመጥ ነው። በየ3 ወሩ አውጥተው ያራግፉት፤ በኮሌታው ሥር፣ በኪሱ ክዳን ውስጥና በሱሪው ቅልብስ ውስጥ ያዩ። ነጭ ድር ወይም የአሸዋ ቅንጣት የሚያክል ነገር ካገኙ ያን ልብስ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተሰቀለውን ሱፍ ሁሉ ወደ ማቀዝቀዣው ይመልሱ።